ከጣፊያ እብጠት ጀርባ፦ ከደም ካንሰር ጋር ሙሉ ሕይወት መኖር እንዴት ይቻላል?

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚያቀና መንገደኛ ራስ መኮንን ድልድይን ይሻገራል። ድልድዩን አልፎ የአራዳን ዳገት ከወጣ በኋላ ከማዘጋጃ ቤቱ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ያገኛል። ለድልድዩ አካባቢ ነዋሪ ይህ የግማሽ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው። ከጎንደር ለሚነሣ አርሶ አደር ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስጉዝ፣ ስንቅና የማደሪያ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው።

ወደ ደም ካንሰር ስንመጣ ግን ሕመምተኛውን ከሐኪሙ የሚለየው ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። የሆስፒታሉ ጎረቤት ሆኖ የሕመሙን ምልክት የማያውቅ ሰው ከሩቅ ገጠር ከሚመጣው ሰው እኩል ሊዘገይ ይችላል። ሁለት ርቀቶች አሉ። የመጀመሪያው ምልክቱ ከታየበት ቀን እስከ ደም ምርመራው ያለው ነው። ሁለተኛው ሕክምናው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እስከ መዝለቅ ያለው ነው። እነዚህን ሁለት ርቀቶች ማሳጠር ከተቻለ፣ ቢያንስ በአንዱ የደም ካንሰር ዓይነት፣ ሰው አርሶና ነግዶ፣ ልጆቹን አሳድጎና ድሮ ለረጅም ዓመታት መኖር እንደሚችል ተረጋግጧል።

የደም ካንሰር ምንድን ነው?

ደም የሚመረተው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። መቅኔ ሦስት ዓይነት የደም ሕዋሳትን ያመርታል። ቀይ የደም ሕዋሳት ኦክስጅን ያመላልሳሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ሰውነትን ከተላላፊ በሽታ ይከላከላሉ፤ ፕላትሌት የሚባሉት ደግሞ ቁስል ሲያጋጥም ደሙ እንዲረጋ ያደርጋሉ። እነዚህ ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ስተው ከልክ በላይ ሲራቡና የጤናማዎቹን ቦታ ሲይዙ የደም ካንሰር ተፈጠረ ይባላል።

በሽታው በሦስት ዐበይት ክፍሎች ይመደባል። በመቅኔና በደም ውስጥ የሚነሣው ሉኪሚያ ይባላል። በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ከሚገኙት ዕጢዎች የሚነሣው ሊምፎማ ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የሚበዛውና አጥንትን የሚያሳሳው ደግሞ ማይሎማ ይሰኛል። ሉኪሚያ ራሱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በሳምንታት ውስጥ የሚባባስ አጣዳፊ ሕመም ሲሆን፣ ሌላው ለወራትና ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ የሚቆይ ሥር የሰደደ ሕመም ነው። በመሆኑም “የደም ካንሰር” የሚለው ስም አንድ ቢሆንም ሕክምናውና የመዳን ተስፋው እንደየዓይነቱ ይለያያል።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም ይሠራል። የደም ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከሕመምተኛው ጋር አብሮ መብላት፣ መተኛት፣ መሳሳምም ሆነ ልብሱን መልበስ በሽታውን አያመጣም። ከእርግማንም ሆነ ከኃጢአት ጋር ግንኙነት የለውም።

“ጣፊያ ነው” ተብሎ ለምን ይታለፋል?

በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኘው ጣፊያ አሮጌ የደም ሕዋሳትን የሚያጣራ አካል ነው። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ በተባለው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ነጭ የደም ሕዋሳት ከልክ ሲያልፉ ጣፊያ ያብጣል። ሕመምተኛው ጥቂት እንደበላ ይጠግባል፤ ግራ ጎኑን ይከብደዋል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ቀድሞ በቀላሉ የሚሠራው ሥራ ያደክመዋል።

በአገራችን ጣፊያን የሚያሳብጡ ሌሎች በሽታዎች መኖራቸው ነገሩን ያወሳስበዋል። ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰው ጣፊያው ያብጣል። በመተማና በሁመራ ቆላማ አካባቢዎች ለቀን ሥራ የሚሰማሩ ወገኖችን የሚያጠቃው ካላዛርም ጣፊያን በእጅጉ ያሳብጣል። ከቆላ የተመለሰ ሰው ሆዱ ሲያብጥ ቤተሰቡ “ወባው ነው” ወይም “ጣፊያው ነው” ማለቱ ከልምድ የመጣ ነው። ሆኖም የወባና የካላዛር ምርመራ ተደርጎ ሁለቱም ካልተገኙ፣ ወይም ሕክምናቸው ተወስዶ እብጠቱ ካልቀነሰ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ይላል።

አደገኛው ነገር በዚህ መካከል የሚደረገው ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች ያበጠን ጣፊያ በጋለ ብረት ከላይ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። መተኮሱ በሽታውን አይነካውም። ሕመምተኛው ላይ ቁስል ይጨምራል፤ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ከሆነ ደግሞ ቁስሉ ያመረቅዛል። ያበጠ ጣፊያ በኃይል ሲታሽ ወይም ሲመታ የመቀደድ አደጋ ስላለውም ማሸት ክልክል ነው።

ሌሎቹ ምልክቶችም ከሌላ ሕመም ጋር ይመሳሰላሉ። ከሚከተሉት አንዱ ሲታይና ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፦

- ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ፤
- የመዳፍና የታችኛው ዐይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል መንጣት፣ በቀላሉ መድከም፤
- ሳይመቱ የሚወጣ የቆዳ መበለዝ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፤
- በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት የሚወጣ፣ የማያምና የማይጠፋ ንፍፊት፤
- በግራ ጎን የሚዳሰስ እብጠት፤
- በተለይ በአረጋውያን ላይ የማይተው የጀርባ ወይም የአጥንት ሕመም።

ደሙ አልቆም ካለ፣ ወይም ትኩሳቱ ከመድማትና ከመገርጣት ጋር ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ዕለት መሄድ ነው። ንፍፊትን በተመለከተም የአገራችን ሐኪሞች በብዛት የሚያዩት የዕጢ ሳንባ ነቀርሳን ነው። የነቀርሳ መድኃኒት እየተወሰደ ንፍፊቱ እየጨመረ ከሄደ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር መጠየቅ የሕመምተኛው መብት ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ውስብስብ አይደለም። የተሟላ የደም ቆጠራ፣ በተለምዶ ሲቢሲ የሚባለው፣ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች ይገኛል። በጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚደርሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቆጠራሉ። በሥር የሰደደው ሉኪሚያ ይህ ቁጥር ከ100,000 ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። እንግዲህ ለወራት “ጣፊያ” እየተባለ የቆየውን ሕመም ትክክለኛ መንገድ ሊያስይዘው የሚችለው ጥቂት ጠብታ ደም ነው።

ያልተዘጋ የመስኖ በር

የዚህ በሽታ ታሪክ በካንሰር ሕክምና ውስጥ ከታወቁት ስኬቶች አንዱ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ፒተር ናውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ በሕመምተኞች ደም ውስጥ ከወትሮው ያጠረ ክሮሞዞም አገኙ። በ1973 እ.ኤ.አ. ጃኔት ራውሊ የተባሉ ሐኪም ነገሩን አብራሩት። ዘጠነኛውና ሃያ ሁለተኛው ክሮሞዞም ተሰብረው ቁራጫቸውን ተለዋውጠው ነበር። ከዚህ ስሕተት የተፈጠረው አዲስ ዘረ መል “ተራባ፣ ተራባ” የሚል ትእዛዝ ያለማቋረጥ የሚሰጥ ፕሮቲን ያመርታል። ይህ ለውጥ ሰውየው ከተወለደ በኋላ በመቅኔው ውስጥ የሚከሠት በመሆኑ ከወላጅ አይወረስም፤ ለልጅም አይተላለፍም።

አርሶ አደር አንባቢያን ነገሩን ከመስኖ ጋር ሊያነጻጽሩት ይችላሉ። የቦዩ በር በጊዜው ተከፍቶ በጊዜው ሲዘጋ ማሳው ይጠጣል። በሩ ተሰብሮ ክፍት ሆኖ ሲቀር ግን ውኃው ሰብሉን ያጥለቀልቀዋል። ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት ያን ክፍት በር የሚዘጋ መዝጊያ ነው። ዶክተር ብራያን ድሩከር ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ባደረጉት ጥረት በሰው ላይ ተሞክሮ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ከዚያ በፊት በሽታው ካልታከመ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ አጣዳፊ ደረጃ ተሸጋግሮ ይገድል ነበር። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ከአሥር ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎበት ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በኢማቲኒብ ሕክምና ከጀመሩት ሕመምተኞች መካከል 83 በመቶ የሚሆኑት ከአሥር ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ።

ንጽጽሩ አንድ ሌላ ነገርም ያስተምራል። መዝጊያው ውኃውን ያግዳል እንጂ የተሰበረውን በር አይጠግነውም። መዝጊያው ሲነሣ ውኃው ይመለሳል።

መድኃኒቱ ወደ ኢትዮጵያ እንዴት ደረሰ?

ኢማቲኒብ ሲወጣ ዋጋው የድሃ አገር ሕመምተኛ የሚደርስበት አልነበረም። በ2002 እ.ኤ.አ. አምራቹ ኖቫርቲስ መቀመጫውን በአሜሪካ ካደረገው ማክስ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ መድኃኒቱን በነፃ የሚያቀርብ ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ጀመረ። ማክስ ፋውንዴሽን በ1997 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በዚሁ በሽታ ሕይወቱ ባለፈ ማክሲሚሊያኖ በተባለ ወጣት መታሰቢያ ነው። በኢትዮጵያም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የዚህ አገልግሎት ማዕከል ሆኖ ከየክልሉ የሚመጡ ሕመምተኞች ለዓመታት መድኃኒቱን በነፃ ሲያገኙ ቆይተዋል።

በሀብታም አገሮች በሽታው በብዛት የሚገኘው በስድሳዎቹ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች ነው። በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ሕመምተኞች በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኙ፣ ጣፊያቸው በጣም አብጦ የመጡ ናቸው። ይህ ዕድሜ ሰው የሚያርስበት፣ ጎጆ የሚያወጣበትና ልጅ የሚያሳድግበት ነው። በሽታው አንድን ሰው ሲጥል አንድ ቤተሰብ ይናጋል። ሕክምናው ሲሳካ ደግሞ የሚተርፈው መላው ቤተሰብ ነው።

“ድኛለሁ” የሚለው ፈተና

ሕመምተኛው መድኃኒቱን በጀመረ በሳምንታት ውስጥ የነጭ ደም ሕዋሳቱ ቁጥር ይወርዳል። በወራት ውስጥ የጣፊያው እብጠት ይጎድላል፤ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፤ ጉልበቱ ይጠነክራል። ትልቁ ፈተና የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። “ድኛለሁ፣ ከዚህ በኋላ ክኒኑ ለምኔ?” የሚል ሐሳብ ይመጣል። እህል የሚታጨድበት ወር ሲደርስ የቀጠሮው ቀን ይታለፋል። የትራንስፖርት ገንዘብ ሲያጥር ክኒኑን ቀን እየዘለሉ ማብቃቃት ይጀመራል። ለታመመ ዘመድ ማካፈልም ያጋጥማል።

የዚህ ዋጋ በቁጥር ታውቋል። በ2010 እ.ኤ.አ. በለንደን የተካሄደ ጥናት ኢማቲኒብን ለዓመታት ሲወስዱ የነበሩ ሕመምተኞችን ተከታትሏል። ከታዘዘላቸው ክኒን ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት በስድስት ዓመት ውስጥ 94 በመቶ ያህሉ ከፍተኛውን ውጤት አግኝተዋል። ከዚያ በታች የወሰዱት ዘንድ ግን ውጤቱ ወደ 28 በመቶ ወርዷል። ዐሥር በመቶ ማለት በወር ሦስት ክኒን ማለት ነው። ሦስት ቀን መዝለል ቀላል ይመስላል፤ በየወሩ ሲደጋገም ግን የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። በመቆራረጥ መካከል በሽታው መድኃኒቱን የሚቋቋም መልክ የመያዝ ዕድልም አለው።

እርግጥ ነው፣ ለዓመታት በደማቸው ውስጥ የበሽታው ምልክት ሊታይ የማይችል ያህል የቀነሰላቸው ጥቂት ሕመምተኞች በሐኪም ውሳኔ መድኃኒቱን የሚያቆሙበት አሠራር በዓለም ላይ አለ። ይህ ግን ጥብቅና ተደጋጋሚ የዘረ መል ምርመራን ይጠይቃል። እንዲያም ሆኖ ካቆሙት መካከል ግማሽ ያህሉ ላይ በሽታው ተመልሷል። በራስ ውሳኔ ማቆም ከዚህ ጋር አንድ አይደለም።

ኢማቲኒብ ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርና በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ይወሰዳል። የዐይን ዙሪያ ማበጥ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ ማቅለሽለሽና ሽፍታ ሊያስከትል ይችላል። አብዛኞቹ በሐኪም ምክር የሚታገሡ ወይም የሚታከሙ ናቸው። መፍትሔው ለሐኪም መንገር እንጂ ክኒኑን መጣል አይደለም። አንድ ቀን የተረሳን ክኒን ለማካካስ በማግሥቱ ሁለት መውሰድም አይገባም።

ሥራ፣ ትዳር፣ ጾምና ጸበል

ሙሉ ሕይወት መኖር ማለት ከክኒኑ ውጪ ያለውን ኑሮም ማስተካከል ነው።

ሥራን በተመለከተ፣ ጣፊያው ያበጠ ሰው እብጠቱ እስኪጎድል ድረስ ከባድ ሸክም ከመሸከም፣ ከትግልና ሆድን ከሚያስመታ ሥራ መቆጠብ አለበት። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ ወደ እርሻውም ሆነ ወደ ንግዱ መመለስ ይችላል። በዚያ መካከል ያለውን የእርሻ ወቅት የሚያሻግረው የጎረቤት ደቦና ወንፈል ነው።

ትዳርን በተመለከተ፣ በሽታው የማይተላለፍና በዘር የማይወረስ በመሆኑ ለጋብቻ እንቅፋት ሊሆን አይገባም። ሴቶች ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ኢማቲኒብ በጽንስ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ልጅ ለመውለድ የምትፈልግ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት። ያለ ዕቅድ ካረገዘችም ፈጥና ልትነግረው ይገባል። መድኃኒቱን እየወሰዱ ማጥባትም አይመከርም።

ጾምን በተመለከተ፣ ክኒኑ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መሆኑ ነገሩን ያቀልለዋል። ጿሚው የክርስትናም ሆነ የእስልምና እምነት ተከታይ ቢሆን፣ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያው ማዛወር ይቻል እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይችላል። በሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው የተሰጠ ፈቃድ እንዳለም የሃይማኖት አባቶች ያስተምራሉ።

ከጸበል ጋር ያለው ጉዳይም ግልጽ ሊሆን ይገባል። መድኃኒትን አቁሞ ጸበል መግባት በኤችአይቪ ሕክምና ላይም የታየ ችግር ነበር። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ መክረዋል። ምክሩ የተሰጠው ስለ ኤችአይቪ ይሁን እንጂ ለደም ካንሰር ሕመምተኛም ይጠቅማል። የባህል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል፤ አንዳንድ ዕፅዋት የክኒኑን ኃይል ይቀንሳሉ ወይም ከልክ በላይ ያደርሱታል።

ኬሞቴራፒ የሚወስዱና የመከላከል አቅማቸው የወረደ ሕመምተኞች ደግሞ ለምግብ ንጽሕና መጠንቀቅ አለባቸው። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ለእነርሱ አይሆንም። በሕክምናው ላይ እያሉ ትኩሳት ከያዛቸው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው።

ሕፃናትና የአንድ ቤተሰብ ሐዘን ያፈራው ተቋም

በሕፃናት ላይ የሚታየው ሉኪሚያ በአብዛኛው አጣዳፊ ነው። ልጁ ይገረጣል፤ ሰውነቱ ይበልዛል፤ ድዱ ይደማል፤ እግሬን አመመኝ እያለ መራመድ ይጠላል። በሌላ በኩል በርኪት ሊምፎማ የተባለው ካንሰር የልጆችን መንጋጋ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ያሳብጣል። ዴኒስ በርኪት የተባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1958 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ካዩአቸው ሕፃናት ተነሥተው የገለጹት በሽታ ነው። ወላጆች የጥርስ ሕመም መስሏቸው ጥርስ ወደ ማስነቀል ይሄዳሉ። ሆኖም በፍጥነት የሚያድገው ይህ ካንሰር ቶሎ ከተደረሰበት ለኬሞቴራፒ በእጅጉ የሚንበረከክ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በከፍተኛ ገቢ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጡት ዘግይቶ መምጣት፣ የምርመራና የመድኃኒት እጥረት እንዲሁም ሕክምናውን ማቋረጥ ናቸው።

በአገራችን ለዚህ ጉዳይ ድምፅ ከሆኑት መካከል አቶ ወንዱ በቀለና ቤተሰባቸው ይጠቀሳሉ። ልጃቸው ማቲዎስ በአራት ዓመት ዕድሜው በደም ካንሰር ሕይወቱ አለፈ። ቤተሰቡ ሐዘኑን በቤቱ ብቻ አላስቀረውም። በ1996 ዓ.ም. በልጁ ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ተቋቋመ። ሶሳይቲው ከክልል ለሕክምና የሚመጡ አቅም የሌላቸውን ሕመምተኞች በማገዝ፣ ስለ ካንሰር በማስተማርና ለትምባሆ ቁጥጥር ሕግ በመሟገት ይታወቃል። ስለ ካንሰር በአደባባይ መናገር እንደ ነውር በሚታይበት ጊዜ የልጅን ስም ይዞ መውጣት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ትርጉሙ ይጎላል።

የሕፃናት ካንሰር ሕክምናም ከጥቁር አንበሳ አልፎ ወደ ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌ ተዳርሷል። ይህም በክልል ላሉ ወላጆች መንገዱን ያሳጥራል።

አርሶ አደሩና ነጋዴው ምን ይጠንቀቁ?

አብዛኛው የደም ካንሰር በአንድ የታወቀ ምክንያት የሚመጣ አይደለም። ሕመምተኛውን “ምን አድርገህ ነው?” ብሎ መውቀስ ስለዚህ ተገቢ አይሆንም። ሆኖም አደጋን የሚጨምሩ የታወቁ ነገሮች አሉ። በመኪና ነዳጅ ቤንዚን ውስጥ የሚገኘው፣ በኬሚስትሪ “benzene” ተብሎ የሚታወቀው ኬሚካል ሉኪሚያን እንደሚያስከትል ተረጋግጧል። ስለዚህ ነዳጅን በአፍ ስቦ በጎማ መቅዳት፣ በመኖሪያ ቤት በጀሪካን ማስቀመጥና እጅን በቤንዚን መታጠብ መቅረት ያለባቸው ልማዶች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ሊንዴን የተባለው ፀረ ተባይ ሊምፎማን እንደሚያስከትል አስታውቋል። ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ አረም ደግሞ ካንሰር የማምጣት ዕድል ካላቸው ጋር መድቦታል። ይህ ማለት የረጨ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ነገር ግን አርሶ አደሩ የሚከተሉትን ማድረግ ይችላል፦

- ኬሚካሉን በታዘዘው መጠን ብቻ መበጥበጥ፣ በባዶ እጅ አለማማሰል፤
- ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ የአፍ መሸፈኛና እጀ ሙሉ ልብስ መልበስ፤
- ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ አለመርጨት፣ በርጭት ጊዜ አለመብላትና አለማጨስ፤
- ሲጨርሱ ገላን መታጠብ፣ የርጭት ልብስን ከቤተሰቡ ልብስ ለይቶ ማጠብ፤
- የኬሚካሉን ባዶ ዕቃ ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ ፈጽሞ አለመጠቀም።

ጥርጣሬ ሲኖር የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ወጪ የለውም።

ከእያንዳንዳችን ምን ይጠበቃል?

የመጀመሪያው ደም መለገስ ነው። አጣዳፊ የደም ካንሰር ያለበት ሰው በሕክምና ላይ እያለ መቅኔው ደም ማምረት ይሳነዋል። በዚያ ጊዜ በሕይወት የሚያቆየው ከሌላ ሰው የሚገኝ ቀይ ደምና ፕላትሌት ነው። ፕላትሌት ሊቀመጥ የሚችለው ለአምስት ቀናት ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብዙ ሰው ለግሶ ማከማቸት አይቻልም፤ በየሳምንቱ ለጋሽ ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ 45 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝንና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል።

ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነትን በየዓመቱ ማደስ ነው። የታመመ ሰው በሬውን ሸጦ ወደ ከተማ ከመሄዱ በፊት ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት መያዙ ከብዙ ወጪ ያድነዋል። ያለፉ የምርመራ ውጤቶችን በአንድ ማኅደር ሰብስቦ መያዝም ድግግሞሽን ያስቀራል።

ሦስተኛው የቀጠሮ ካርድን እንደ መሬት ደብተር መጠበቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከአካባቢዋ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የአዲስ አበባ ክፍሎች ተዛውረዋል። በገጠርም በሥራ ፍለጋና በመፈናቀል ቦታቸውን የሚለቁ ብዙዎች ናቸው። ቦታ የቀየረ ሕመምተኛ አዲሱን አድራሻና ስልክ ለሚከታተለው ሆስፒታል ማሳወቅ፣ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረውም ቀጣዩን ማሰብ ይኖርበታል።

አራተኛው መነጋገር ነው። የዓለም የክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ቀን ሴፕቴምበር 22 የሚውለው በሽታው የዘጠነኛውና የሃያ ሁለተኛው ክሮሞዞም ጉዳይ በመሆኑ ነው፤ ዘጠነኛው ወር፣ ሃያ ሁለተኛው ቀን። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12፣ ወርኃዊው የቅዱስ ሚካኤል በዓል የሚውልበት ዕለት ነው። የዓለም የካንሰር ቀን ጥር 27፣ የሕፃናት ካንሰር ቀን ደግሞ የካቲት 8 ይውላሉ። እነዚህ ቀናት በዕድር፣ በማኅበር፣ በቤተ እምነት ዐውደ ምሕረትና በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቢሰጣቸው፣ አንድ እናት የልጇን መገርጣት፣ አንድ አርሶ አደርም የግራ ጎኑን እብጠት በሌላ ዐይን እንዲያዩት ያደርጋሉ።

ዕድሩ ለቀብር የሚያዋጣውን ያህል ባይሆንም ለቀጠሮ መሄጃ ጥቂት ቢያዋጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ለቤት ስትዞር “ክኒንህን ዛሬ ወሰድህ ወይ?” ብላ ብትጠይቅ፣ ሕመምተኛው ብቻውን የሚሸከመው ጉዳይ የሁሉም ይሆናል። ግራ ጎኑ ያበጠበት ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለው አንባቢ ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ ይዞት ወደ ጤና ተቋም መሄድና የደም ቆጠራ እንዲታዘዝለት መጠየቅ።